ጋሼ ቁጥር ያልመዘገበው ስልክ

«ማን ነው?» አለ አባቷ ከበሩ ጀርባ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

ዳቦ ልትገዛ ከወጣች ገና አሥር ደቂቃዋ ነው። በሩን ከኋላዋ የዘጋው እሱ ነው፤ አሁንም ከበሩ ሥር የጫማዋን ጫፍ እያየ ነው። ቢሆንም ስሟንና የአባቷን ስም፣ ማለትም የገዛ ራሱን ስም፣ ጮክ ብላ እስክትናገር ድረስ መቀርቀሪያው አልተነሳም። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በልጅነቷ የሰፈር ልጆች ይህን ሰምተው ሲስቁባት አልቅሳ ታውቃለች፤ አሁን ማልቀሱን ትታ፣ እንደ ወታደር ስሟን ጠርታ መግባት ለምዳለች።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀርቧል። በስኳር ዕቃው ሥር ደግሞ አንድ ደብዳቤ ተቀምጧል። አባቷ ዳቦውን ተቀብሎ በመዳፉ መዘነው። ዋጋው ያው ነው፤ ዳቦው ግን ከሳምንት ሳምንት እየሳሳ ሄዶ አሁን ሲይዙት እፍ ያሉት ይመስላል። «ግማሹ የት ቀረ? ቆጥረሽ ነው የተረከብሽው?» አላት። ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም። ደብዳቤውን ስታይ አያት፤ እንዳያት እሷም አወቀች። በዚህ ቤት ከባድ ነገር የሚነገረው እንዲህ ነው፦ ወረቀቱ ይቀመጣል፣ የፈለገ ያነባል፣ ማንም ስለ እሱ አይናገርም።

ሁለተኛ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነበር። አባቷ በአንድ የመድን ድርጅት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነው፤ ኃላፊ ሲባል ከበታቹ ማንም የለም፣ ሁለት መቶ ሣጥን ወረቀት ብቻ። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት የአስተዳደር ኃላፊው የነገን ቀን ጽፎ ያመጣውን ደብዳቤ «ነገ ይዘውት ይምጡ» ብሎ በመመለሱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የዋና ሥራ አስኪያጁ ሾፌር ያለ ደብዳቤ ፋይል ሊወስድ ሲመጣ፣ በመዝገብ ቤቱ መስኮት በኩል አንድ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ሰጥቶ በመሸኘቱ። ሦስተኛ ከተጨመረ ስንብት ነው። ጡረታው ስምንት ወር ቀርቶታል፤ ከዚያ በፊት ከተሰናበተ የሃያ ሰባት ዓመት አገልግሎቱ እንደ ዳቦው ይሳሳል። ደብዳቤውን አንብባ ስትጨርስ ሻይዋ ቀዝቅዞ ነበር። ከዳቦው ሁለት ጊዜ ጎርሳ ተነሣች። «ሥራ አለብኝ» አለች። እሱም ምን ሥራ ብሎ አልጠየቀም። ምን ሥራ እንዳላት ጠይቋት አያውቅም፤ «ኮምፒውተር ነው» ብላዋለች፣ እሱም ኮምፒውተር ትጠግናለች ብሎ ይዞታል።

ሥራዋ ማታለል ነበር፤ በውል፣ በማኅተም፣ በፈቃድ። ድርጅቶች «ሠራተኞቻችን ለአጭበርባሪ እጃቸውን ይሰጡ እንደሆነ ፈትኑልን» ብለው ይቀጥሯታል። እሷና አንድ ሸሪኳ ስልክ ይደውላሉ፣ በሐሰት ስም ይገባሉ፣ ከዚያ ማን ምን እንደሰጣቸው ይጽፋሉ። ቢሯቸው ከጫማ መደብር በላይ ያለች ሁለት ክፍል ናት፤ ምንም ቢያደርጉ የቆዳ ማጣበቂያ ትሸታለች። ሸሪኳ ረጅም፣ ከሲታ፣ በየዋህ ፊቱ የሚተዳደር ሰው ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የመድን ድርጅቱ ውል ሲመጣ ገጹ ላይ «ከድርጅቱ ሠራተኞች ጋር ዝምድና የለንም» የሚል መስመር ነበር። አንብባዋለች። እስክሪብቶው እጇ ላይ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ፈረመች። ለሸሪኳ አልነገረችውም፤ ምክንያቱም ሸሪኳ ሕግ አክባሪ ስለሆነ ውሉን ይመልሰው ነበር።

እሷ ግን የራሷ ስሌት ነበራት። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ለማንም የማይከፈት መስኮት አንድ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። በየቀኑ የሚሰድቡትን፣ «ጋሼ ቁጥር» እያሉ ከኋላው የሚስቁበትን ሰው፣ ከውጭ የመጣ ፈታኝ «ድርጅታችሁን የጠበቀው ይህ ሰው ነው» ብሎ በጽሑፍ ቢያቀርብ፣ ሦስተኛ ደብዳቤ ሊጽፍበት የሚደፍር ማን ነው? እንዲያውም ስለ መዝገብ ቤቱ የሚናገረውን የሪፖርቱን አንቀጽ ፈተናው ሳይጀመር ጽፋ ጨርሳ ነበር። ሁለቴ አርማዋለች። «አርአያነት» የሚል ቃልም አለበት።

በዚያው ዕለት ጥዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መደወል ጀመረች። አሥራ ስድስት ስልክ ቁጥር ነው። «ከኮምፒውተር ክፍል ነው፤ ኢሜይልዎ ሊዘጋ ስለሆነ ፓስወርድዎን ይንገሩኝ» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። የዕቅድ ኃላፊው መነጽሩን እስኪያደርግ ታገሺኝ አላት፤ ፓስወርዱ ከስክሪኑ ጥግ ላይ ተለጥፎ ኖሮ። የካሳ ክፍሉ ሰውዬ «የቱን? የድሮውን ወይስ የአሁኑን?» ብሎ ሁለቱንም ሰጣት። ባለፈው ወር ስለ ምስጢር አጠባበቅ ሥልጠና የሰጠችው ሴት በስልክ አይባልም ብላ አሳፈረቻትና፣ ወዲያው አጠገቧ ያለችውን ልጅ «አንቺ፣ ፓስወርዴን ጽፈሽ ላኪላቸው» ስትል ተሰማ። የአስተዳደር ኃላፊው የሰጠው ፓስወርድ አንድ ፊደል የተሳሳተ ነበር፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ራሱ መልሶ ደውሎ «ይቅርታ እህቴ፣ አሳስቼሽ ነበር» ብሎ አረመላት። ይህ ሰው የአባቷን ሁለቱንም ማስጠንቀቂያዎች የጻፈው ነው።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ፈተናውን ያዘዘው ራሱ ነው፤ ቀኑንም ያውቃል። ውሉ «ሁሉም ሠራተኛ» ስለሚል ለእሱም ደወለች። «አለቃ፤ ከዚያ አንድ፤ አንዱ በቁጥር ነው» አላት ሳያመነታ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ዛሬ ሠራተኛውን የሚፈትኑ ሰዎች አሉ። እናንተ ኮምፒውተር ክፍሎች ደግሞ ተታላችሁ እንዳታሳፍሩኝ!»

«እንጠነቀቃለን ጌታዬ» አለችው። ሸሪኳ አፉን በእጅጌው አፍኖ ወደ መስኮት ዞረ።

አሥራ አምስቱ እንዲህ አለፉ። አሥራ ስድስተኛው ላይ ውሃ ጠጣች። መዝገብ ቤት ኢሜይል የለም፤ የሰርቨር ክፍሉን ጨምሮ የሕንፃው ቁልፍ ሁሉ ግን እዚያ ተሰቅሏል። ስለዚህ ድምፅዋን ቀይራ፣ በአፍንጫዋ ቀጠን አድርጋ፣ የጸሐፊ ድምፅ አበጀች። ሰዓቱ ሦስት ከአሥራ ሰባት ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው። አሁን አንድ ቴክኒሻን ይመጣል፤ የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ይስጡት።»

ዝም አለ። ከኋላው የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማታል፤ ያ ሰዓት አራት ደቂቃ እንደሚቀድም፣ እሱም አውቆ ሳያስተካክለው በልቡ እየቀነሰ እንደሚመዘግብ ልጅ ሆና ታውቃለች። ዝምታው ረዘመ። እርሳስ እየፈለገ ይሆናል አለች በልቧ፤ አባቷ ግን እርሳስ ከጆሮው ጀርባ ተለይቶት አያውቅም።

«የደብዳቤ ቁጥር አለው?» አለ በመጨረሻ።

«አስቸኳይ ስለሆነ በቃል ነው የታዘዘው።»

«በቃል ቁልፍ አይወጣም» አለና፣ ስልኩን ከወትሮው ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ደስ አላት። አንቀጿን አንድ ጊዜ ደግማ አነበበችው።

ሸሪኳ ቱታ ለብሶ መሰላል ተሸክሞ ሄደ። ባዶ እጁን ቢሄድ መታወቂያ ይጠየቃል፤ መሰላል የያዘን ሰው ግን ዘበኛ በሩን ይይዝለታል። እንደዚያም ሆነ። ሊፍት ውስጥ ሁለት ሰዎች ለመሰላሉ ቦታ ለቀው በደረጃ ወጡ። መዝገብ ቤት ግን በደረጃው ሥር፣ በእንጨት መስኮት ጀርባ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ጋሼ ቁጥር ከላይ እስከ ታች አየውና መሰላሉን መዘገበው። የእርከኖቹን ብዛት ቆጥሮ፣ ቀለሙን ጠይቆ፣ ገቢ ቁጥር ሰጥቶ አስፈረመው። ቁልፉን ግን አልሰጠውም። ሸሪኳ «ዋና ሥራ አስኪያጁ ናቸው ያዘዙት!» ብሎ ጮኸ፤ ጩኸቱ የሥራው አካል ነበር። የአስተዳደር ኃላፊው በኮሪደሩ ሲያልፍ ሰማ።

«ጋሼ! ስጠው እንጂ! የአለቃ ትእዛዝ ነው ሲሉህ አትሰማም?»

«በደብዳቤ ሲመጣ እሰማለሁ።»

«እኔ በቃሌ እያዘዝኩህ ነው!»

«እርስዎንም በደብዳቤ እሰማዎታለሁ» አለው አባቷ፣ ለሁሉም ሰው በሚናገርበት በዚያ በለዘበ አንደበት።

ሸሪኳ ተመልሶ ይህን ሲነግራት እየሳቀ ነበር፤ እሷም ሳቀች። የአስተዳደር ኃላፊው ወደ ቢሮው ሲሄድ ፊቱ እንዴት እንደነበር ግን ጠየቀችው። «የሚጽፍ ሰው ፊት ነበር» አላት።

ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሷና ሸሪኳ በመድን ድርጅቱ ስድስተኛ ፎቅ ተቀመጡ። የዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ የሚያሰምጥ ሶፋና የሚያንጠባጥብ አየር ማቀዝቀዣ አለው፤ ጠብታውን የሚቀበለው የብር ቀለም ያለው የሽልማት ዋንጫ ነው። ግድግዳው ላይ «ምስጢር መጠበቅ የሁላችን ኃላፊነት ነው» ይላል። «ከአሥራ ስድስት፣ አሥራ አምስት ወድቀዋል» አለች። ሰውዬው ጭኑን መታ። «ብያለሁ! ይኼ ሠራተኛ! ስማቸውን አምጪልኝ፣ አንድ በአንድ።»

«ውሉ ስም አይሰጥም ይላል፤ በፈተናው ማንም አይቀጣም የሚልም አለ፣ አንቀጽ ሰባት። ቢፈልጉ ግን የቢሮ ቁጥራቸውን...» አለችና ከዝርዝሩ አናት ጀመረች። «ስድስት መቶ አንድ።»

ሰውዬው በገዛ በሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ሊያረጋግጥ የፈለገ ይመስል ወደ በሩ አየ። ጠብታው ዋንጫው ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደቀ። «ስም ምን ያደርጋል» አለ። «ዋናው ትምህርቱ ነው።»

በዚህ መሐል የአስተዳደር ኃላፊው ሁለት ስልክና አንድ ወረቀት ይዞ ገባ። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። «የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ዛሬ የእርስዎን ትእዛዝ በሰው ፊት ረገጠ» አለ።

«የኔን? መቼ አዘዝኩ?»

«አላዘዙም» አለች እሷ ፈጠን ብላ። «እኛ ነን የደወልነው። ፈተና ነበር። አልሰጠንም፤ ያለፈው አሥራ ስድስተኛው እሱ ነው።»

ዋና ሥራ አስኪያጁ አሰበበት። ሲያስብ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ይሰበስባል። «ይሁን» አለ። «እሱ ግን የእኔ ትእዛዝ መስሎት ነው እምቢ ያለው። ትእዛዙ ውሸት ሊሆን ይችላል፤ እምቢታው ግን እውነተኛ ነው።» እስክሪብቶውን አነሣ። «በፈተናው አይደለም የምንቀጣው፤ በጠባዩ ነው።»

«ጌታዬ፣ ተጠራጥሮ ነው እኮ!»

«ተጠራጥሮ ከሆነ መዝግቦታል» አለ የአስተዳደር ኃላፊው። «ደንቡ አጠራጣሪ ስልክ ተመዝግቦ ለጥበቃ ይነገራል ይላል። ይኼ ሰውዬ ዝንብ ብትገባ ቁጥር ይሰጣታል። የዕለት መዝገቡን ላስመጣው?»

«አስመጡት!» አለች እሷ፤ ከሁሉም በላይ የፈለገችው ይህንን ነበር። የአባቷን መዝገብ ታውቀዋለች። በመስኮቱ የገባና የወጣ ሁሉ፣ የተደወለ ስልክ ሁሉ፣ በሰዓቱ ሰፍሮ ይገኛል፤ በመጨረሻው ዓምድ፣ «ምርመራ» በሚለው ሥር፣ «ተመልሷል» ወይም «ቁጥር የለውም» ይጻፋል። በዚያ ዓምድ ከሁለት ቃል በላይ ጽፎ አያውቅም።

መዝገቡ መጣ። ሦስት ከአምስት፣ አንድ ፖስታ። ሦስት ከአሥራ አንድ፣ የተሳሳተ ስልክ፣ ሥጋ ቤት የፈለገ ሰው። ሦስት ከአርባ፣ መሰላል አንድ፣ አሥራ ሁለት እርከን፣ ቢጫ። በሥጋ ቤቱና በመሰላሉ መካከል አንድ መስመር ባዶ ነበር። አልተዘለለም፤ ቦታው በእርሳስ ተሰምሮ፣ ተጠብቆ፣ ባዶውን ተትቷል።

የአስተዳደር ኃላፊው አንዱን ስልኩን እስኪጥል ድረስ ደስ አለው። እሷ ግን ያን ባዶ መስመር እያየች የጥዋቱ ዝምታ እንደገና ተሰማት፤ ሰዓቱ ሲቆጥር፣ ስልኩ ቀስ ብሎ ሲዘጋ። እርሳስ እየፈለገ አልነበረም። ሃያ ሰባት ዓመት ሰው ሁሉ ከሥጋ ቤት ፈላጊ እስከ መሰላል የሰፈረበት መዝገብ ላይ፣ አባቷ አንድ ሌባ ደብቋል።

እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ ነው። «ያልመዘገበው ሳይጠራጠር ቀርቶ አይደለም» አለች። «ድምፄን አውቆት ነው። አባቴ ነው።»

ሸሪኳ ጭንቅላቱን ቀስ ብሎ ወደ እሷ አዞረ፤ በየዋህ ፊቱ ላይ ያ የፈረመችው መስመር ሲነበብ ታያት። ዋና ሥራ አስኪያጁ ግን ቀስ በቀስ ፈገግ ማለት ጀመረ፤ ፈገግታው ከአንዱ ጉንጭ ተነሥቶ ሌላውን እስኪደርስ ጊዜ ወሰደ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ። «ስለዚህ አጭበርባሪ እንደደወለ አውቆ ደብቋል?»

«ልጁ ስለሆንኩ ነው።»

«ደብቋል ወይስ አልደበቀም?»

«ደብቋል።»

«እንግዲያው እሱም ወድቋል!» ሶፋው ላይ ተዘረጋ። ከጥዋት ጀምሮ ደረቱ ላይ የተቀመጠ ነገር የወረደለት ይመስል ነበር። «አሥራ ስድስት ከአሥራ ስድስት! እኔም እላለሁ፣ አንድ ሰው ብቻ እንዴት ሳይወድቅ ይቀራል? ሁላችንም ሰው ነን እኮ!» ማስጠንቀቂያውን አጥፎ ለአስተዳደር ኃላፊው መለሰለት። «በፈተና የወደቀ አይቀጣም። ውል ነው፤ አንቀጽ ሰባት። ሪፖርቱን አስተካክላችሁ ጻፉና ዛሬውኑ በመዝገብ ቤት በኩል አስገቡልኝ።»

«ማለፉን የሚናገረው አንቀጽስ?» አለች።

«እሱን አውጪው። ሰው ይከፋዋል።»

ኮሪደር ላይ ባለ ወንበር ተቀምጠው አረሙት። አሥራ አምስት የሚለውን አሥራ ስድስት አደረገች። አንቀጿን ከ«አርአያነት» ጋር አጠፋችው። ሸሪኳ ፈረመ፣ ኮፍያውን አደረገ። «ሰኞ እንነጋገራለን» አላት፤ መሰላሉን ሳይወስድ ሄደ።

በደረጃው ሥር ያለው መስኮት ፊት ስትቆም አባቷ ቀና አላለም። «ይቀጥሉ» አለ።

«ገቢ ደብዳቤ ነው።»

«መታወቂያ።»

ሰጠችው። ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየ። «የአባት ስም» በሚለው ፊት ያለውን በከንፈሩ አነበበ። ከዚያ ሪፖርቱን ጀመረ፤ እንደ ሁሌውም በእርሳሱ ጫፍ ቃል በቃል እየተከተለ። ሦስተኛው መስመር ላይ እርሳሱ ቆመ።

«ስህተት አለበት። ማንን ጨምረው ነው አሥራ ስድስት ያሉት?»

መዝገቡ ከላይ ተመልሶለት ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። አባቷ ወደ ባዶው መስመር አየ፤ ከዚያ ወደ እሷ፣ ከዚያ ወደ ሪፖርቱ፤ ሦስቱን ወረቀት እንደሚያያይዝ ሰው አያይዞ ገባው።

«ሥራሽ ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው። በውል ነው አባባ፤ ፈቃድ አለው።»

«ቁጥር አለው?»

«አለው።»

መነጽሩን አወለቀ፤ በመሐረብ ጠረገው፤ ሳያደርገው ያዘው። «ከሦስት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ጀምሮ ልጄ ሌባ ሆናለች ብዬ ነው የተቀመጥኩት» አለ። «ምሳም አልበላሁ።»

«ታዲያ ለጥበቃ ለምን አልነገርክም?»

«ቁልፉን አልሰጠሁሽም» አለ። «ሌላው አቃተኝ።»

የሪፖርቱን አናት በማኅተም መታው፤ ገቢ ቁጥር ጻፈበት። «ስህተቱ እንዳለ ይግባ። ተፈርሟል» አለ። ከዚያ የዕለት መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበና፣ እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ መልሶ ሰክቶ፣ በእስክሪብቶ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያሳመረ ባዶውን መስመር ሞላው። ሲጨርስ መዝገቡን ዞር አድርጎ በመስኮቱ አወጣላት።

«3፡17። ደዋይ፦ ልጄ። የጠየቀችው፦ የሰርቨር ክፍል ቁልፍ። የተሰጣት፦ የለም። ዘግይቶ የተመዘገበ።» በመጨረሻው ዓምድ፣ «ምርመራ» በሚለው ሥር፣ ቦታ አጥሮት ፊደሎቹን አጨናንቆ እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ጥዋት ቁርሷን ሳትጨርስ ነው የወጣችው።»

እስክሪብቶውን አቀበላት።

«ፈርሚ» አላት።